ካርታው በድንጋይ ላይ አልተቀረጸም

ውድ አንባቢ፣ እስቲ ቀኝ እጅዎን ዘርግተው አውራ ጣትዎን ያንቀሳቅሱ። ለዚህች ትንሽ እንቅስቃሴ ትእዛዙ የወጣው በግራ በኩል ካለው የአንጎልዎ ክፍል፣ ከአናት ወደ ጆሮ ግድም ከሚወርድ ቀጭን ንጣፍ ነው። ይህን ዛሬ ማንኛውም የሕክምና ተማሪ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ እዚህ ዕውቀት ላይ ለመድረስ የተሄደበት መንገድ ረጅም ነው፤ አሳፋሪ ምዕራፍም አለበት።

እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ብዙ ሊቃውንት የአንጎል የላይኛው ቅርፊት ለኤሌክትሪክ ምንም መልስ አይሰጥም ብለው ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1870 ጉስታቭ ፍሪች እና ኤድዋርድ ሂትሲግ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን በርሊን ውስጥ የውሻን አንጎል ከፍተው በደካማ ኮረንቲ ነኩት። ውሻው በተቃራኒው ጎን ያለውን እግሩን አንቀሳቀሰ። የሚነኩትን ቦታ ሲቀይሩ የሚንቀሳቀሰውም አካል ተቀየረ። ጥቂት ቆይቶ ዴቪድ ፌሪየር እንግሊዝ አገር ውስጥ በጦጣዎች ላይ ሞክሮ ግኝቱን አጠናከረው።

በሰውስ ላይ? እ.ኤ.አ. በ1874 በአሜሪካ ሲንሲናቲ ከተማ ሜሪ ራፈርቲ የተባለች የ30 ዓመት የቤት ሠራተኛ በራሷ ላይ የወጣ የካንሰር ቁስል የራስ ቅሏን በልቶት አንጎሏ ተጋልጦ ነበር። ሐኪሙ ሮበርትስ ባርቶሎው መርፌ አስገብቶ ኮረንቲ ለቀቀባት። በተቃራኒው ጎን ያሉት እጅና እግሯ ተንቀሳቀሱ። ኃይሉን ሲጨምር ግን ተሠቃየች፤ ተንፈራገጠች፤ ራሷንም ሳተች። ከጥቂት ቀናት በኋላም ሞተች። ፈቅዳለች ተብሏል፤ ሆኖም ሐኪሙ ራሱ አእምሮዋ ደካማ እንደነበር ጽፏል። የሙያ ባልደረቦቹ ካወገዙት በኋላ፣ ጉዳት እንደሚያደርስ እየታወቀ ሙከራውን መድገም ከባድ ወንጀል እንደሚሆን አመነ። ውድ አንባቢ፣ የዚያች ድሃ ሴት ስም ከዚህ ታሪክ ሊዘለል አይገባውም።

ከዚያ በኋላ ሥራው በሕመምተኛው ጥቅም ላይ ተመሠረተ። ዋይልደር ፔንፊልድ በካናዳ ሞንትሪያል የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ቀዶ ሲያክም፣ ሕመምተኛው ነቅቶ እያለ የአንጎሉን ገጽ በቀስታ በኮረንቲ ይነካ ነበር። ዓላማው መነካት የሌለበትን ቦታ ለይቶ ማዳን ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 ከባልደረባው ከኤድዊን ቦልድሪ ጋር የአንጎልን የእንቅስቃሴ ካርታ አወጣ። በካርታው ላይ እጅና ፊት ሰፊ ቦታ ሲይዙ ግንድ አካል የያዘው ጥቂት ነው።

ይህን ካርታ ብዙዎች አንዴ ተቀርጾ ያለቀ ነገር አድርገው ቆጠሩት። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1912 ግሬም ብራውን እና ሼሪንግተን፣ አንዱ የአንጎል ነጥብ ቀደም ብሎ በተደረገበት ነገር የተነሳ መልሱን እንደሚቀያይር አስተውለው ነበር። ታዲያ በጤነኛ ሰው ላይ፣ የራስ ቅል ሳይከፈት፣ ይህን እንዴት ማየት ይቻላል?

መልሱ ዘገየ። እ.ኤ.አ. በ1980 መርተን እና ሞርተን በራስ ቆዳ ላይ ኮረንቲ ለቀው እጅን ማንቀሳቀስ ቢችሉም ዘዴው ያማል። እ.ኤ.አ. በ1985 አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ ሼፊልድ ከተማ በመግነጢስ ተጠቀሙ። መሠረቱ ፋራዴይ በ1831 የደረሰበት ሕግ ነው፤ የሚለዋወጥ መግነጢስ ኮረንቲ ይፈጥራል። የሽቦ ጥቅል ከራስ በላይ ይያዝና ለቅጽበት ኃይል ይለቀቅበታል። መግነጢሱ አጥንቱን አልፎ ይገባል፤ አውራ ጣትም ሳታዝዙት ብድግ ይላል።

አሁን ካርታውን ደጋግሞ መለካት ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ1995 አልቫሮ ፓስኳል-ሊዮኔ እና ባልደረቦቹ ሰዎችን ለ5 ቀናት፣ በየቀኑ ለ2 ሰዓት በአንድ እጅ ፒያኖ አለማመዱ። ጣቶቹን የሚያዘው የአንጎል ቦታ ሰፋ። ጣታቸውን ሳያንቀሳቅሱ በሐሳባቸው ብቻ የተለማመዱትም ካርታቸው ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ጆሴፍ ክላሰን እና ሌሎች፣ አውራ ጣትን ለግማሽ ሰዓት ወደ አንድ አቅጣጫ ማለማመድ ብቻ፣ መግነጢሱ የሚያስነሳውን እንቅስቃሴ ወደዚያው አቅጣጫ እንደሚመልሰው አሳዩ። ልምምዱ ሲቆም ግን ለውጡ ከደቂቃዎች በኋላ ጠፋ።

ይህ ለማን ይጠቅማል? ስትሮክ እጁን ላሰረበት ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ዮአኪም ሊፐርት እና ባልደረቦቹ፣ ከታመሙ የቆዩ 13 ሰዎች ጤነኛ እጃቸው እንዳይሠራ ተደርጎ ደካማው እጅ ለ12 ቀናት ሲለማመድ፣ ያን እጅ የሚያዘው የአንጎል ቦታ እንደሰፋ ለኩ። መሻሻሉ ከስድስት ወር በኋላም አልጠፋም።

ይሁንና መግነጢሱን ራሱን የስትሮክ መድኃኒት አድርጎ መቁጠር ችኮላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 አንጎልን በአጫጭር ተደጋጋሚ ምቶች ለደቂቃዎች መለወጥ የሚያስችል ዘዴ ቀረበ፤ ተስፋውም ትልቅ ነበር። በ2013 ግን ከ50 በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ሲፈተሽ የአንዱ ሰው አንጎል እንደተጠበቀው ሲመልስ የሌላው በተቃራኒው መለሰ። በአማካይ ሲታይ ውጤት አልተገኘም።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ መሣሪያው በዚህ ረገድ በጥሩ ሁኔታ የሠራው ምስክርነትን ነው። የመሰከረውም ያደገ ሰው አንጎል በልምምድ እንደሚለወጥ፣ ልምምዱ ሲቋረጥም ያገኘውን ሊያጣ እንደሚችል ነው። በቤትዎ ስትሮክ እጁን ያደከመበት አባት ወይም እናት ካለ፣ ጽዋውን ከእጃቸው ለመቀበል አይቸኩሉ። ሐኪማቸውን አማክረው፣ ቀስ ብለውም ቢሆን፣ ራሳቸው እንዲያነሱት ይታገሷቸው።