የሊማሊሞ ገደልና መንገዱ

ከጎንደር ተነሥቶ ደባርቅን በማለፍ ወደ ዛሪማ የሚወርድ መንገደኛ፣ ከሊማሊሞ አፋፍ ሲደርስ ምድር ከእግሩ ሥር ተቆርሳ የወደቀች ይመስለዋል። የስሜን ተራሮች ገደል በአንዳንድ ስፍራ እስከ 1,500 ሜትር ድረስ ቁልቁል ይወርዳል። ግርማው ዓይንን ይማርካል፤ የታሪኩ ቁም ነገር ግን በዐለቱ ጠባይ ላይ ነው።

ዐለቱ የተገኘው ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ እየፈለቀ በየተራ ከፈሰሰ ቅልጥ ዐለት ነው። ንጣፍ በንጣፍ ላይ ሲደረብ በየመካከሉ የእሳተ ገሞራ አመድና ቀይ አፈር ቀረ። ባሳልት የሚባለው ጥቁር ዐለት ሲቀዘቅዝ ተኮማትሮ ስለሚሰነጠቅ፣ ምንም እንኳ ጠንካራ ቢሆን በስንጥቁ ውሃ ያሳልፋል። ክረምት በገባ ቁጥር ከሥሩ ያለው አመድና አፈር እየራሰ ይሸረሸራል፤ የላይኛውም ድጋፉን አጥቶ ይናዳል። እንግዲህ ገደሉን ያቆመውም የሚያፈርሰውም ይኸው አሠራሩ ነው።

የጥንት ገዥዎች ግን ገደሉን የተመለከቱት እንደ ምሽግ ነበር። የስሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ይህን አምባ አገር ይዘው ከሃያ ዓመት በላይ ገዝተዋል። ሆኖም በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ጦርነት ድል ሆኑ፤ አሸናፊው ደጃዝማች ካሣም ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው በዚያው በደረስጌ ማርያም ነገሡ።

የኢጣልያ ወራሪዎችም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ጠመዝማዛውን የመኪና መንገድ በሊማሊሞ ገደል ላይ ቀደዱ፤ አፋፉን ወልቅፊትንም መሽገውበት ቆዩ። በመስከረም 1934 ዓ.ም. ግን ለኢትዮጵያ አርበኞችና ለእንግሊዝ ጦር እጃቸውን ሰጡ።

ጦሩ ሄደ፣ መንገዱ ቀረ። ጎንደርን ከሽሬ የሚያገናኘው ይህ መንገድ ከዚያ ወዲህ የሚዋጋው ከጠመንጃ ጋር ሳይሆን ከዝናብ ጋር ነው። መንገድ ለመቅደድ ገደሉ ሲቆረጥ ደካማው ንጣፍ ይገለጣል፤ የጎርፍ መውረጃው በደለል ሲደፈን ደግሞ ውሃው ወደ ስንጥቁ ይገባል። ስለሆነም በእንዲህ ያለ አገር የሚሠራ መሐንዲስ የዐለቱን ጥንካሬ በመዶሻ መፈተኑ ብቻ አይበቃውም። የንጣፎቹን ቅደም ተከተል ሊያጠና፣ የውሃውንም መንገድ ከመኪናው መንገድ አስቀድሞ ሊያበጅ ይገባዋል። ከክረምት በፊት ቦዩን የሚጠርገው ሠራተኛም የግንባታው ተካፋይ እንጂ የኋላ ተከታይ አይደለም። ጠላትን የሚመልስ ገደል ውሃን አይመልስምና።