ቡናን ያበጀ እጅ

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ ለሚጓዝ እንግዳ ግራና ቀኙን የሸፈነው ዱር የሰው እጅ ያልነካው ይመስለዋል። ጠጋ ብሎ ለመረመረው ግን የብዙ ትውልድ ድካም የታከለበት ነው። ገበሬው በዋንዛውና በቀረሮው ጥላ ሥር በራሱ የበቀለውን ቡና ሳይነቅል ዙሪያውን ይመነጥራል፤ ብርሃን የከለከለውን ቅርንጫፍ ይቆርጣል፤ ተፋፍጎ ከበቀለው ችግኝ አንሥቶ በሳሳው ቦታ ይተክላል፤ ያረጀውን ግንድ ጎንድሎ አዲስ ቀንበጥ ያስወጣል። እያንዳንዱ ሥራ ለብቻው ሲታይ ጥቂት ነው፤ በዘመናት ሲደመር ግን ዱሩን ከዱርነቱ ሳያወጣ ማሳ አድርጎታል።

ይህ ዝግ ያለ መሻሻል እ.ኤ.አ. በ1971 ብርቱ ፈተና ገጠመው። በ1922 በኬንያ የታወቀው የቡና ፍሬ በሽታ በኢትዮጵያም ተገኘ። በሽታውን የሚያመጣው ፈንገስ እሸቱን ፍሬ ሳይበስል አጥቁሮ ስለሚያረግፈው፣ ኑሮውን በቡና የመሠረተ ሁሉ ሥጋት ላይ ወደቀ። መድኃኒት መርጨቱም ከአነስተኛው ገበሬ አቅም በላይ ነበር።

መፍትሔው የተገኘው ከዚያው ከአገሩ ቡና ነው። በጅማ አቅራቢያ የሚገኘው የመልኮ የምርምር ጣቢያ ባለሙያዎች ጎረቤቶቹ ሲጠቁሩ ጤነኛ ሆኖ የቆየውን ዛፍ እየመረጡ ዘሩን ሰበሰቡ፤ ችግኞቹንም ሆን ብለው በበሽታው እየፈተኑ የጸኑትን አባዙ። በቁጥር የሚጠሩት 74110፣ 74112፣ 74158 እና 74165 የዚህ ምርጫ ውጤቶች ሲሆኑ፣ በስማቸው መነሻ ያለው 74 የተመረጡበትን 1974 እ.ኤ.አ. ያመለክታል። ከእነዚህ መካከል 74110 የተገኘው ከኢሉባቦር፣ ከመቱ አካባቢ ነው። ተመራማሪዎቹ ያደረጉት፣ ገበሬው ሲያደርግ የኖረውን መለየትና መምረጥ በሥርዓትና በፍጥነት መፈጸም ነበር።

ይሁን እንጂ መራጭ የሚያየው የሚፈልገውን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከጌሻ አካባቢ ተወስዶ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ወደ ኮስታ ሪካ፣ ከዚያም ወደ ፓናማ የተሻገረው ዘር በባሕር ማዶ የተፈለገው የቅጠል ዋግን ይቋቋማል ተብሎ ነበር። ጣዕሙ ዓለምን ያስደነቀው በ2004 በፓናማ ውድድር አንደኛ በወጣ ጊዜ ነው።

ስለዚህ ምንጠራው ልክ ሊኖረው ይገባል። ጥላው ከመጠን በላይ ከሳሳ፣ ማሳውም ሁሉ በአንድ ዓይነት ዘር ከተሸፈነ፣ ነገ ለሚመጣው በሽታ መድኅን የሚሆነው ዛፍ ስም ሳይወጣለት ይጠፋል። የሚታረመው እንዲሻሻል፣ የሚታረምበት ምንጭ መኖር አለበት።