ደጅ ጠባቂና ጎታ ጠባቂ፤ በደምበጫ ገጠር የውሻና የድመት ወዳጆች ክርክር

ከደምበጫ እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ባለው ገጠር «ውሻ ይበልጣል ወይስ ድመት?» የሚል ክርክር በቡና ላይ ሲነሣ አድማጩ ጨዋታ ብቻ ይመስለዋል። ጨዋታነቱ አይካድም፤ ከሥሩ ግን የእህልና የከብት፣ እንዲያውም የሰው ሕይወት ጉዳይ አለ። የመሐንዲስ ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው በቤቱ አሠራር ላይ ነውና ነገሩን ከዚያ ልጀምር።

የገበሬው ቤት ሁለት ድንበር አለው። አንደኛው አጥሩ ሲሆን ጠላቱ ጅብ ነው፤ ሁለተኛው የእህሉ ማስቀመጫ ሲሆን ጠላቱ አይጥ ናት። ጎተራ ከቀርከሃ ወይም ከጭራሮ ተሠርቶ፣ በጭቃና በእበት ተለስኖ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ይቆማል። ጎታና ድብኝት ግን በቤት ውስጥ የሚቀመጡ የጭቃ ሥራዎች ናቸው። ጭቃ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ የአይጥ የፊት ጥርስ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ማደጉን ስለማያቆም ሁልጊዜ የሚፋቅበት ነገር ይሻል። አገሩም በቆሎ አብቃይ ነው፤ በቆሎ ለነቀዝም ለአይጥም የተመቸ እህል ነው። እንደሚመስለኝ የድመት ጠበቆች አብዛኛውን ጊዜ የጓዳ ባለቤቶች፣ የውሻ ጠበቆች ደግሞ ከብት ያላቸው የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

በዕድሜ ከሆነ ውሻ ቀዳሚ ነው። ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ከ14,000 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ይኸውም እርሻ ከመታወቁ በፊት ነው። «ውሻ ምን አገባው ከእርሻ» የሚለው ተረት ሳያውቀው እውነት ተናግሯል። ድመት ግን የተጠጋችን እህል ከተከማቸና አይጥ ከተሰበሰበች በኋላ ነው። በቆጵሮስ ደሴት 9,500 ዓመት ያህል ባስቆጠረ መቃብር ከሰው አጠገብ የተቀበረች ድመት መገኘቷ እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ ሆኗል።

የድመት ወዳጆች ሲረቱ «የአቢሲኒያ ድመት» የሚባለውን ስመ ጥር ዝርያ ያነሣሉ። ስሙ የተያያዘው ከመቅደላ ጦርነት በኋላ፣ በ1860 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ አገር ተወሰደች ከምትባለው «ዙላ» ከተሰኘችው ድመት ጋር ነው። ይሁን እንጂ በሆላንድ የላይደን ሙዚየም የሚገኝ፣ ከጦርነቱ በፊት የተገዛ የዚሁ ዝርያ ድመት «የህንድ» ተብሎ ተመዝግቧል፤ የዘር ምርመራውም ወደ ህንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ያመለክታል። ዙላም የእንግሊዝ ጦር የወረደበት ወደብ ስም ነው። በሣጥን ላይ የተለጠፈ የወደብ ስም መኪናው የተሠራበትን አገር እንደማይነግረን ሁሉ፣ ይህም ስም ብዙ አያስመካም።

ውሻ ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር አይገባም ሲባል፣ ወዳጆቹ መጽሐፈ ጦቢትን ይጠቅሳሉ፤ በዚያ ጦብያን በመንገዱ ሁሉ የተከተለው ውሻው ነውና። መልሱ ጥሩ ነው፤ ከባዱ ክስ ግን ሌላ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለውም ለማለት ይቻላል። በ1895 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ወረርሽኝ ሆኖ ነበር። በ1940ዎቹ ዓመታት የፓስተር ተቋም በአዲስ አበባ ከተመሠረተ በኋላም ለረጅም ዘመን የሚሰጠው ክትባት ከበግና ከፍየል አንጎል የሚዘጋጅ፣ ለብዙ ቀናት በተከታታይ ሆድ ላይ የሚወጋ ነበር። ከደምበጫ ገጠር ለተነሣ የተነከሰ ሰው ይህ ምን ያህል መንገድና ስንቅ እንደሚጠይቅ አንባቢ ይገምተው። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች 99 በመቶ ያህሉ የሚያዙት ከውሻ ነው። ድመትም ታስተላልፋለች፤ ስሙ ግን ለውሻ ብቻ ቀረ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብና ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት፤ ውሻውን በየጊዜው ማስከተብ ደግሞ ከሁሉ የሚረክሰው መከላከያ ነው።

ድመቷንም የጎዳት ሰው ራሱ ነው። የአይጥ መርዝ በየገበያው ከገባ ወዲህ፣ የተመረዘች አይጥ የበላች ድመት ከጎታው ሥር ሞታ ትገኛለች። ሒሳቡ ቀላል ነው። አይጥ በሦስት ሳምንት ገደማ ትወልዳለች፤ ድመት ግን ሁለት ወር ትፈልጋለች። በዚህ ረገድ ውሻም ከእርሷ አይሻልም።