«ቴይንትድ ላቭ»፦ የአንድ የዳንስ ሸክላ ሁለት ሕይወት

የአንድ ዘፈን ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ዝነኛ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ነው። ከዚያ አስቀድሞ ማን እንደደከመበት፣ ማን ከአቧራ ውስጥ እንዳነሣው፣ ማን በእግሩ እየረገጠ ሕይወት እንደዘራበት የሚጠይቅ ጥቂት ነው። «ሶፍት ሴል» በሚል ስም የሚታወቁት ሁለት ወጣቶች በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሠሩትና እ.ኤ.አ. በ1981 በእንግሊዝ አገር በሽያጭ አንደኛ የወጣው «ቴይንትድ ላቭ» ይህ ጥያቄ ሳይነሣ ሊመረመር የሚገባው ሸክላ አይደለም። ርእሱን በአማርኛ «የተበከለ ፍቅር» ልንለው እንችላለን።

ዘፈኑን የደረሰው ኤድ ኮብ የተባለ አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ጥቁር አሜሪካዊቷ ግሎሪያ ጆንስ በፈጣን ምት፣ በነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎች ታጅባ ዘፈነችው፤ በ1965 ሲወጣ ግን የተቀመጠው በሸክላው ጀርባ ላይ ነበር። ፊቱም ጀርባውም ገበያ አላገኘም። ሸክላው እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ሥራዎች ከመጋዘን ተጣለ።

ያነሡት የሰሜን እንግሊዝ ወጣቶች ናቸው። በዊጋን፣ በቦልተን፣ በብላክፑልና በመሳሰሉት ከተሞች፣ ሳምንቱን በፋብሪካና በየሥራው ቦታ የሚያሳልፈው የሠራተኛ ልጅ ቅዳሜ ሌሊት የሚጨፍረው በተረሳ የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ነበር። ይህ እንቅስቃሴ «ኖርዘርን ሶል» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተከፈተው የዊጋን ካሲኖ የሌሊት ዳንኪራ መጠጥ የማይሸጥበት ነበር፤ ወጣቱ እስኪነጋ የሚቆየው ለጭፈራው ሲል ነው። ሸክላ አጫዋቾቹ በበኩላቸው ብርቅ ሸክላ ሲያገኙ ተፎካካሪ እንዳያውቀው ስሙን በወረቀት ይሸፍኑት ነበር። (ገበያ የጣለውን ዕቃ እንዲህ በምስጢር መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያስደንቅ አንባቢ ይመልከት!) ሪቻርድ ሰርሊንግ የተባለው አጫዋች በ1973 ከአሜሪካ ይዞት የመጣው የግሎሪያ ጆንስ ሸክላ የእነዚህ አዳራሾች ተወዳጅ ሆነ። ዘፋኟ በ1976 ዳግም ብትቀርጸውም ገበያ አልቀናውም።

የብላክፑሉ ዴቪድ ቦል ያደገው በዚህ ሙዚቃ መካከል ነው። በሊድስ ፖሊቴክኒክ ሥነ ጥበብ ሲማር ማርክ አልመንድን ተዋወቀ፤ አንደኛው መሣሪያውን፣ ሁለተኛው ድምፁን ይዘው ተጣመሩ። ሊሸጥ ያልቻለውን ዘፈን ወደ ጓደኛው ያመጣው ቦል ነው።

በ1981 ከአሳታሚው ማይክ ቶርን ጋር ስቱዲዮ ሲገቡ ያደረጉት መጨመርን ሳይሆን መቀነስን ነው። ነሐሱ ወጣ፤ ጊታሩ ወጣ፤ ከበሮ መቺው ወጣ። በምትካቸው የሮላንድ የከበሮ መኪና፣ የቦል ትንሽ የኮርግ ባስና የቶርን ሲንክላቪየር ገቡ። ምቱ ረገብ አለ፤ ቅኝቱም ለአልመንድ ድምፅ እንዲስማማ ተለወጠ። በዚህ ሸክላ ላይ ትልቁ ጥበብ ባዶው ቦታ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ግሎሪያ ጆንስ ከተሞላ አዳራሽ መሐል በቁጣ የምትናገረውን፣ አልመንድ በባዶ ክፍል ብቻውን እንደቀረ ሰው ይለዋል። ያው ግጥም፣ ያው ዜማ፣ ነገር ግን ሌላ ሰው ነው። ሸክላው በመስከረም 1981 በእንግሊዝ አንደኛ ወጣ፤ በአሜሪካ የመቶዎቹ ሰንጠረዥ ላይም 43 ሳምንት ቆየ፤ ይህም በጊዜው ክብረ ወሰን ነበር።

ሁሉም ግን አልተደሰተም። በእንግሊዝ የሥራ አጡ ቁጥር በጥር 1982 ከ3 ሚሊዮን ባለፈበት ወቅት፣ በቀደመው ቅጂ የነበሩትን ተጫዋቾች ሁሉ የሚተካ መኪና እንደ ተራ ነገር ሊታይ አይችልም። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ የሙዚቀኞች ማኅበር የማዕከላዊ ለንደን ቅርንጫፍ ሲንተሳይዘርና የከበሮ መኪና እንዲታገድ የውሳኔ ሐሳብ አሳለፈ፤ ማኅበሩ ግን አገር አቀፍ መመሪያ አላደረገውም። በጊዜው በብዙዎች ዘንድ መሳቂያ ሆነ። ሳቁ አላዋቂነት ነው። ሙዚቀኞቹ ስለ እንጀራቸው የተናገሩት እውነት ነበር፤ የሳቱት፣ መኪናው ራሱ ጥበብ ሊሠራ አይችልም ያሉት ላይ ነው። በፋብሪካው ከተማ ዳር ያደገው ቦልም ባለሀብት አልነበረም፤ አንድ ኦርኬስትራ ሊቀጥር የማይችል ተማሪ ነበር።

ትርፉስ የማን ሆነ? ሶፍት ሴሎች በሸክላው ጀርባ የራሳቸውን ድርሰት ሊያደርጉ ሲችሉ፣ የሱፕሪምስን «ዌር ዲድ አወር ላቭ ጎ» አደረጉ። በ12 ኢንቹ ሸክላ ላይ ሁለቱን ዘፈኖች ማያያዛቸው ለጭፈራው የተዋጣለት ነው፤ ለኪሳቸው ግን አልነበረም። የድርሰት ክፍያ የሚሄደው ለደራሲ ስለሆነ፣ ከዚያ ሁሉ ሽያጭ ከድርሰት በኩል አንዳች አላገኙም። ግሎሪያ ጆንስም ድምፃዊት እንጂ ደራሲ ስላልሆነች ከአዲሱ ቅጂ የደራሲነት ድርሻ አልነበራትም። ሸክላውን ለዓመታት በእግሩ ያቆየው የዊጋን ወጣት ደግሞ በየትኛውም ሕግ ስሙ አይገኝም፤ ካሲኖው በታኅሣሥ 1981 ተዘጋ፤ በ1983ም ሕንፃው ፈረሰ።

እ.ኤ.አ. በ2006 የባርቤዶሷ ሪሃና «ኤስ ኦ ኤስ» የተባለውን ዘፈኗን በሶፍት ሴል ቅጂ ድምፅ ላይ አቆመችው። ጆሮ የሚለየው የቦልን መሣሪያ ነው፤ ከደራሲዎቹ ዝርዝር የሠፈረው ግን የኤድ ኮብ ስም ነው።