የኅዳር በሽታና የሽማግሌዎቻችን ክትባት

«ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» የሚለው ምሳሌ በአገራችን በልጅ በዐዋቂው አፍ የሚነገር ነው። ነገር ግን ይህን ምሳሌ ያስተማሩን ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ራሳቸው ከጥንቃቄው ምን ያህል ተካፍለዋል ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱን የሚያስደስት ሆኖ አናገኘውም። ይህም እንዴት እንደ ሆነ በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ ታሪክ በኩል ለመመልከት አስበናል። ዓመታቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ኢንፍሉዌንዛ በአገራችን ስሙን በመራራ ትዝታ የተከለው በኅዳር ወር 1911 ዓ. ም. ነው። በዓለም ሁሉ የተዛመተው ወረርሽኝ አዲስ አበባ ገብቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ፤ መቃብር ቆፋሪ እስኪታጣም ድረስ ቤቱ ሁሉ በሕመምተኛ ተሞላ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንንም በብርቱ ታመው ድነዋል። ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ብሎ ሰየመው፤ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተጠረገ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድም ከዚሁ መታሰቢያ ጋር የተያያዘ ነው። የበሽታው ቫይረስ ከሰው ተለይቶ የታወቀው በ1925 ዓ. ም. በእንግሊዝ አገር ሲሆን፣ ክትባቱም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለአሜሪካ ወታደሮች ተሰጠ። በ1911 ዓ. ም. ግን የሚረዳ ክትባት በየትም አገር አልነበረም።

ይሁን እንጂ የጎንደርን ሰው ለክትባት እንግዳ አድርጎ መቍጠር ስሕተት ነው። በ1762 ዓ. ም. ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ጎንደር ሲገባ ከተማይቱን ፈንጣጣ ይዟት ነበር፤ በእቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ግቢም የታመሙትን የመኳንንት ልጆች እንዲያክም ተጠርቶ፣ በርና መስኮት አስከፍቶ ቤቱን አሳጠነ። ደገኛው ደግሞ በራሱ ብልሃት፣ ፈንጣጣ ከያዘው ሰው ቍስል ፈሳሽ ወስዶ የጤነኛውን ክንድ እየበጣ ያገባ ነበር። ይህ አሠራር አደገኛ ነበር፤ የተከተበው አንዳንድ ጊዜ ይሞታል፣ ለጎረቤቱም በሽታውን ያስተላልፋል። አሳቡ ግን ትክክል ነበር። «ክትባት» የሚለውም ቃላችን «ከተበ»፣ ማለት ጻፈ፣ ከሚለው ግስ የወጣ የ«ክታብ» ዘመድ ነው።

በደንቢያ ወባ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ. ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኰንኖችን፣ ነርሶችንና ሳኒቴሪያኖችን ማሠልጠን ጀመረ። በ1963 ዓ. ም. ደግሞ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ ተነሣ። ከታቢዎቹ ባለ ሁለት ጫፍ መርፌ ይዘው ገደልና አቀበት እየወጡ፣ በሽታው በታየበት መንደር ሕፃን ሽማግሌ ሳይለዩ ከተቡ። በነሐሴ 1968 ዓ. ም. የመጨረሻው ሕመምተኛ በባሌ ከተገኘ በኋላ ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ ጠፋ።

ዳሩ ግን ከዚያ ወዲህ መንገዱ ተለወጠ። በ1972 ዓ. ም. የተጀመረው መደበኛ የክትባት መርሐ ግብር ለሕፃናትና ለእናቶች የታሰበ ነበር፤ ያዳናቸውም ሕፃናት እጅግ ብዙ ናቸው። ሽማግሌው ግን ልጁንና የልጅ ልጁን ከማስከተብ በቀር ለራሱ የሚጠራው አላገኘም። የዓለም ጤና ጉባኤ በ1995 ዓ. ም. የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ፖሊሲ ያላቸው አገሮች እስከ 2002 ዓ. ም. ድረስ ከመቶ 75 አረጋውያንን እንዲከትቡ ግብ ሲያቆም፣ ያ ግብ ለደባርቅና ለጃናሞራ ሽማግሌ የሩቅ አገር ወሬ ነበር። ቫይረሱም ጠባዩን ስለሚለዋውጥ ክትባቱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ በየዓመቱ የሚከትብ ሥርዓት የሌለው አገር ሊደርስበት አይችልም።

ኮቪድ በመጋቢት 2012 ዓ. ም. አገራችን ሲገባ ይህ ጉድለት ተገለጠ። በየካቲት 2013 ዓ. ም. 2.2 ሚሊዮን ክትባት መጣ፤ ከጤና ሠራተኞች ቀጥሎም ቅድሚያ ለአረጋውያንና ሥር የሰደደ በሽታ ላለባቸው ተሰጠ። ሕዝቡ ግን ከመቶ ሚሊዮን በላይ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ. ም. ደግሞ ጦርነቱ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደረሰ፤ ሕዝቡም ከቤቱ ተሰደደ።

በዚያን ዘመን በሥራ ምክንያት ወደ ደጋው ወጥተን ሳለ፣ አንድ አዛውንት ስለ ክትባቱ ጠየቁን። እንደሚፈሩት ገምተን ልናስረዳቸው ስንጀምር አቋረጡንና፣ በልጅነታቸው ስለ ፈንጣጣ ተከትበው ጠባሳው እስከ ዛሬ በክንዳቸው እንዳለ አሳዩን፤ ከዚያ ወዲህ ግን እርስዎም ይከተቡ ብሎ የመጣ ሰው እንዳልነበረ ነገሩን። ለማስተማር የተዘጋጀን እኛ ተምረን ተመለስን።

እንግዲህ አረጋውያን ክትባት አይወዱም ብለን ከመፍረዳችን በፊት፣ ክትባቱ እደጃቸው ደርሶ ያውቃልን ብለን እንጠይቅ። ሽማግሌን ከመቀመጫ ተነሥተን የምናከብር ሕዝብ ነን፤ ምርቃቱንም እንሻለን። ከምርቃቱ በፊት ግን ጤናውን እንጠብቅለት፤ የሚቀጥለው ወረርሽኝ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእርሱን ደጅ ነውና።