አውራ ጣትን መልሶ የመትከል ታሪክና «የመጀመሪያው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ



አማርኛችን አውራ ጣትን «አውራ» ያለው በከንቱ አይደለም። አራቱ ጣቶች ዕቃ ጨብጠው የሚይዙት እርሱ ከፊት ለፊታቸው ሲቆም ነው። ስለዚህም የተቆረጠን ጣት የማዳን ታሪክ በአመዛኙ የአውራ ጣት ታሪክ ነው።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ኦስትሪያዊው ሐኪም ካርል ኒኮላዶኒ የእግር ጣትን ወስዶ የእጅ አውራ ጣት ለመሥራት ሞክሯል። ደም ሥሮቹን መስፋት ስለማይቻል፣ ጣቱ ከአዲሱ ቦታ ደም ማግኘት እስኪጀምር ድረስ የታካሚው እጅ ከእግሩ ጋር ታስሮ ለሳምንታት መቆየት ነበረበት። ዘዴው ለምን እንዳልተስፋፋ ማብራራት አያሻም።

መሰናክሉ የደም ሥሩ ቅጥነት ነበር። አሌክሲስ ካሬል የደም ሥር አሰፋፍን እ.ኤ.አ. በ1902 ቢያሳይም፣ የጣት ደም ሥር ስፋት ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም። ደም ቅዳው ተሰፍቶ ደም መልሱ ቢቀር ደግሞ ጣቱ ደም ቋጥሮ ይሞታል። በ1960 ጁሊየስ ጃኮብሰን በአሜሪካ፣ ቨርሞንት፣ ማይክሮስኮፕን ለዚህ ስፌት አዋለ። በካሊፎርኒያ ደግሞ ሃሪ ባንኪ በመኖሪያ ቤቱ ጋራዥ ባቋቋመው ቤተ ሙከራ የጥንቸል ጆሮ ቆርጦ መልሶ ሰፋ፤ ቀጥሎም የጦጣን የእግር ጣት ወደ እጇ አዛወረ። በእኔ ግምት ታሪክ የበደለው መርፌውንና ክሩን ነው። ከፀጉር የቀጠነ ክርና እርሱን የሚመጥን መርፌ ባይሠራ ኖሮ፣ ማይክሮስኮፑ ችግሩን አጉልቶ ከማሳየት አያልፍም ነበር።

በ1965 በጃፓን፣ ናራ፣ ሺገኦ ኮማትሱና ሱሱሙ ታማይ ፈጽሞ የተቆረጠ አውራ ጣት መልሰው ተከሉ። ለዓለም ያሳወቁት በ1968 ነው።

ክርክሩ የሚነሣው የእግር ጣትን በአንድ ቀዶ ጥገና ወደ እጅ ስለማዛወር ነው። ብዙ መጻሕፍት ቀዳሚነቱን በ1968 በእንግሊዝ፣ ኢስት ግሪንስቴድ፣ ለሠራው ለጆን ኮበት ይሰጣሉ። ያንግ ዶንግዩ ግን በሻንጋይ ሁለተኛውን የእግር ጣት ወደ አውራ ጣት ስፍራ ያዛወረው በ1966፣ ቻይና ወደ ባህል አብዮት በገባችበት ዓመት ነበር። ሥራው ከአገሩ ውጭ ሳይታወቅ ዓመታት አለፉ። ኮበት የእግርን አውራ ጣት፣ ያንግ ሁለተኛውን ጣት ስለወሰዱ ሁለቱንም «የመጀመሪያ» ማለት ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ይህ ለእኔ ሽምግልና እንጂ ታሪክ አይደለም።

ስለዚህ ተማሪዎቼ የጥናት ጽሑፍ ሲያዘጋጁ ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን ሁለት ዓመታት እንዲጽፉ እጠይቃለሁ፦ ቀዶ ጥገናው የተደረገበትንና የታተመበትን። በናራው ሥራ በሁለቱ መካከል 3 ዓመት አለ፤ በሻንጋዩ ከዚያም ይረዝማል።