የእጅ ማጫወቻ

«ሀንድሄልድ ኮንሶል» ለሚባለው ዕቃ «የእጅ ማጫወቻ» የሚለው ስም ይስማማዋል። ስክሪኑ፣ ቁልፎቹ፣ ድምፅ ማጉያውና ባትሪው በአንድ አካል የተሰበሰቡለት፣ ጌሙንም በራሱ አቅም የሚያስኬድ መሣሪያ ማለት ነው። በየሰፈሩ ፕሌይስቴሽን ቤት የምናየው ኮንሶል ቴሌቪዥን፣ ጆይስቲክና የግድግዳ ሶኬት ይፈልጋል። ይኸኛው ግን መብራት ቢጠፋም ቻርጁ እስኪያልቅ ይሠራል።

«የእጅ» የሚለውን ከእጅ ሰዓት፣ ከእጅ ባትሪና ከእጅ ስልክ ስለምናውቀው አያከራክርም። ጥያቄ የሚነሳው ከሁለተኛው ቃል ነው። «መጫወቻ» ብንለው ከአሻንጉሊትና ከኳስ ጋር ይቀላቀልብናል፤ ዕቃውንም ያሳንሰዋል። «ማጫወቻ» ግን ከካሴት ማጫወቻ እስከ ዲቪዲ ማጫወቻ ድረስ የመሣሪያ ስም ሆኖ ኖሯል። ሙዚቃውንም፣ ፊልሙንም፣ ጌሙንም ሳይጠብበው ይይዛል።

ይህ ስፋት የሚያስፈልገው ዕቃው ራሱ ስለሰፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የኒንቴንዶ ጌም ቦይ በ4 ትንንሽ የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ለጌም የተሠራ ዕቃ ነበር። ሶኒ በዲሴምበር 2004 ጃፓን ውስጥ መሸጥ የጀመረው ፒኤስፒ ግን ከመነሻው ፊልምና ሙዚቃንም አስቦ የተሠራ ነው። 4.3 ኢንች የሆነው ስክሪኑ እንደ ሲኒማ ወደ ጎን ሰፋ ያለ ነው። ጌሙም ፊልሙም የሚሸጠው ዩኤምዲ በሚባል፣ 1.8 ጊጋባይት ገደማ በሚይዝ፣ የፕላስቲክ ልባስ ባለው ትንሽ ዲስክ ነበር። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ለመጀመሪያዎቹ 1 ሚሊዮን ገዢዎች «ስፓይደርማን 2» ፊልም በዚሁ ዲስክ አብሮ ተሰጥቷል። ጌሞቹ የትም አገር በተገዛ ፒኤስፒ ይሠራሉ፤ ፊልሞቹ ግን የክልል ገደብ ስላለባቸው አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከውን ፊልም ከአውሮፓ የመጣ ፒኤስፒ ላያነበው ይችላል። የራስን ዘፈን፣ ፎቶና ቪዲዮ ለመጫን ሚሞሪ ስቲክ ዱዎ የተባለው የሶኒ ሚሞሪ ያስፈልጋል። በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ይገለበጣል፤ ቪዲዮው ግን አስቀድሞ ፒኤስፒ ወደሚቀበለው ዓይነት መቀየር አለበት።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚማርከኝ ግን ኢንተርኔት ሳይኖር መሣሪያዎቹ በዋይፋይ እርስ በርስ መገናኘታቸው ነው። ጃፓን ውስጥ «ሞንስተር ሀንተር» የሚጫወቱ ሰዎች ፒኤስፒያቸውን ይዘው እየተገናኙ እስከ 4 ሆነው አብረው ያድኑ ነበር። ብቻውን አንገቱን ደፍቶ የሚታየው ተጫዋች አጠገቡ ካለ ጓደኛው ጋር እየተጋገዘ ሊሆን ይችላል። ወላጆች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

ባትሪው ግን ሁሉንም አይችልም። ዲስኩን የሚያሽከረክረው ሞተር ኃይል ይበላል፤ ሶኒም ለመጀመሪያው ሞዴል የሰጠው ግምት ለጌም ከ4 እስከ 6 ሰዓት ነበር። እስከ 333 ሜጋኸርዝ መሥራት የሚችለው ፕሮሰሰር መጀመሪያ ላይ ለጌሞች በ222 ተወስኖ ነበር። ያገለገለ ፒኤስፒ ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ቅድሚያ የምመክረው የባትሪውን ክዳን እንዲያይ ነው። ያረጀ ባትሪ ሲያብጥ ክዳኑን ወደ ውጭ ይገፋዋል። ያበጠ ባትሪ አይበሳም፣ ቻርጅም አይደረግም፤ አውጥቶ መተው ነው። ፒኤስፒው ባትሪ ባይገባበትም በቻርጀሩ ብቻ ስለሚሠራ ዲስኩን፣ ቁልፎቹንና ስክሪኑን በዚያው መፈተሽ ይቻላል።

ስሙ የት ድረስ ይሄዳል? ስልክ ጌም ቢያስኬድም ለጨዋታ የተሠሩ ቁልፎች ስለሌሉት ከእጅ ማጫወቻ አልቆጥረውም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ኒንቴንዶ ስዊች ከቴሌቪዥን ጋርም ይሠራል፤ ቢሆንም ከማስቀመጫው ሲነሳ ጌሙን የሚያስኬደው ራሱ ስለሆነ ስሙ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የመጣው ፕሌይስቴሽን ፖርታል በመልኩ ከሁሉም ይልቅ የእጅ ማጫወቻ ይመስላል፤ ባለ 8 ኢንች ስክሪን ነው፣ ቁልፎቹም የተሟሉ ናቸው። ሆኖም ጌሙ የሚሠራው ሌላ ቦታ ነው፤ ምስሉ በዋይፋይ ይመጣለታል፤ ዋይፋይ ከሌለ አያጫውትም። ስለዚህ እሱን «የእጅ ስክሪን» ብለው እመርጣለሁ።